ከሶኬቱ ጀምሮ፦ ለጌምና ለቪዲዮ የሚሆን ዴስክቶፕ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አልፎ አልፎ የነፋስ ድምፅ ከሰማችሁ የምቀዳው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከኮዬ ፈጬ ስለሆነ ነው፤ መስኮቱን ብዘጋውም በበሩ ስር ይገባል። ዛሬ የማወራው ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ጉዳይ ነው። ለጌምም ለቪዲዮ ቅንብርም የሚሆን ጠንካራ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር እንዴት ይመረጣል? አብዛኛው ሰው «የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» ብሎ ይጀምራል። እኔ ከግድግዳው ሶኬት እጀምራለሁ። ካርዱ ጋ መድረሳችን አይቀርም፤ ግን በከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ካርዱን የሚመርጥልን ሶኬቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሜ ማሽኑ የማን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ ሰርግ እቀርጻለሁ፣ አቀናብራለሁም። የእህቴ ልጅ አብሮኝ ይኖራል፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ይዟል፤ ማታ ጌም ካልተጫወተ ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ለየብቻችን ደህና ዕቃ የመግዛት አቅም ስለሌለን ገንዘብ አዋጥተን አንድ እንግዛ ተባባልን። ቀን የእኔ፣ ማታ የእሱ። በሌላው ወር ችግር የለበትም። ጥር ሲገባ ግን ቅልቅሉም መልሱም ይደራረብና ማታውም የእኔ ይሆናል። እሱም ይህን ወር «የጾም ወር» ብሎ ሰይሞታል።

«መብራት ሲሄድ ባትሪ አለው፣ ለምን ላፕቶፕ አትገዙም?» ያሉን ብዙ ናቸው። ውሃ የሚያነሳ ክርክር ነው፤ እኔም አንድ ሰሞን አሳስቦኛል። ነገር ግን ስም ያታልላል። ላፕቶፕ ውስጥ አርቲኤክስ 5090 ተብሎ የሚሸጠው የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ከዴስክቶፑ 5090 ጋር ስም እንጂ ቺፕ አይጋራም። የዴስክቶፑ ሜሞሪ 32 ጊጋባይት ሲሆን የላፕቶፑ 24 ነው፤ የሚፈቀድለት ኃይልም በእጅጉ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ካርዱ ከቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ አንድ ነገር ቢበላሽ መላውን ዕቃ ይዞ መንከራተት ነው። ዴስክቶፕ የተበላሸው ክፍል ተነቅሎ ሌላ ይገባለታል። ዕቃው እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ሶኬቱ እንመለስ። አንድም ክፍል ከመግዛታችን በፊት ሶኬት ላይ የሚሰካ ቮልት የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ገዝተን ሳሎን ሰካን። ቀን ላይ ከ220 ብዙም አይርቅም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የእህቴ ልጅ ከሳሎን ተጣራ፦ «ጋሼ፣ 186 ገባ እኮ!» ወጥቼ ሳይ በደረጃው ላይ የእርሾው ሽታ ሞልቷል፤ ከላይ ያሉት እትዬ ምጣድ ጥደዋል፤ ማዶ ያሉትም እንደዚያው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ሺህ ዋት ይወስዳል። እኛ ስንት ሌሊት የተጨቃጨቅንበት «ኃይለኛ» ኮምፒውተር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ እንኳ ከአንድ ምጣድ ሩብ ብዙም አያልፍም። አንድ ሕንጻ ላይ ስንት ምጣድ እንዳለ እናንተው አስሉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ደንግጦ ስታቢላይዘር ለመግዛት ይሮጣል። እኔ አልመክርም። የዛሬ ደህና ፓወር ሳፕላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ውስጥ ሆኖ ለክፍሎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ይሠራል፤ 186 ቮልት አይገድለውም፤ ትንሽ ተጨማሪ ከረንት ስቦ ሥራውን ይቀጥላል። የሚጎዳው የመብራቱ አካሄድና አመጣጥ ነው። ሰፈራችን ውስጥ መብራት ሲሄድ ሰው ሁሉ ሮጦ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን የሚነቅለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተመልሶ ሲመጣ በዝላይ ስለሚመጣ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ በሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ ይዋል።

ዩፒኤስ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። እሱ ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት ዋቱን ነው፤ ዋቱ ደግሞ በጎን በኩል በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። 650 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ የሚሸከመው 360 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ 1500 ቪኤ የሚለው ደግሞ 900 ዋት ገደማ። ሁለተኛው ነገር የሞገዱ ዓይነት ነው። ርካሾቹ ባትሪ ላይ ሲገቡ የሚያወጡት በደረጃ የተቆራረጠ ሞገድ ነው፤ ጥሩ ፓወር ሳፕላዮች ውስጥ ያለው የኃይል ማስተካከያ ዑደት ይህን አልወድም ብሎ ኮምፒውተሩን ድርግም ሊያደርገው ይችላል። ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚሰጠውን ጠይቁ። ዋጋው ያንገበግባል፤ ቢሆንም ግዙት። ፓወር ሳፕላይ መብራት ሲቋረጥ በራሱ ጉልበት የሚቆየው 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ አንድ ሰከንድ ሺህ ሚሊሰከንድ ነው፤ ዩፒኤሱ በዚያች ቅጽበት ውስጥ መድረስ አለበት። ደህናው ይደርሳል። እኛ ጋ የሚሰማው አንድ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው፤ የእህቴ ልጅ ጨዋታውን እንኳ አያቋርጥም።

ስለ ኤርዝም ላንሳ። የኬዙን ብረት በእጃችሁ ስትነኩ ስስ ንዝረት ከተሰማችሁ የመሬት መስመሩ የለም ወይም አልተያያዘም ማለት ነው። ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።

አሁን ግራፊክስ ካርዱ ጋ ደረስን፤ ሶኬቱ እንዴት እንደሚመርጥ እዩ። ኤንቪዲያ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያወጣው አርቲኤክስ 5090 ብቻውን 575 ዋት ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩን፣ ሞኒተሩንና የቀረውን ሲደምሩት 900 ዋት የሚሸከመው ዩፒኤስ ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ካርዱ የሚስበው ኃይል ለቅጽበት ሲዘል ዩፒኤሱ ይጮኻል፣ ይዘጋልም። ስለዚህ 5090 መግዛት ማለት ከእሱ ጋር ትልቅ ዩፒኤስና ትልቅ ፓወር ሳፕላይ መግዛት ማለት ነው። አርቲኤክስ 5070 ቲአይ የሚጠይቀው 300 ዋት ነው፤ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። አምራቹ ሲያወጣቸው የተመነላቸው ዋጋ 1,999 እና 749 ዶላር ነበር። ልዩነቱን በብር ለማሰብ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.ን አስታውሱ። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 አለፈ። 1,999 ዶላር በቀድሞው ሒሳብ 114 ሺህ ብር ገደማ ነው፤ በ130 ሲሰላ 260 ሺህ። ቀረጡም፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስም፣ የነጋዴው ትርፍም ገና አልገባም። እኛ 5070 ቲአይውን ወሰድን። የሚያስቆጨኝ ነገር የለም።

ለእኔ ይህን የኤንቪዲያ 50ኛ ትውልድ (እነ 5070 ቲአይና 5090) ያስመረጠኝ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ቪዲዮ የምታቀናብሩ ጆሮ ስጡኝ። የዛሬ ካሜራዎች ብዙዎቹ ባለ 10 ቢት 4፡2፡2 የሚባል ቀለም የበዛበት ቪዲዮ ይቀርጻሉ። የሙሽራዋ ቆዳ፣ ነጩ ቀሚስ፣ የካባው የወርቅ ጥልፍ ሳይበላሽ ቀለም ለማስተካከል ይህ ያስፈልጋል። ችግሩ ያለፈው የኤንቪዲያ ትውልድ፣ የጂፎርስ 40 ካርዶች፣ ይህን ዓይነት ፋይል በሃርድዌር አይፈቱትም ነበር። ውድ ካርድ ይዛችሁ ቪዲዮው እየተንቀረፈፈ ይሄዳል፤ ሸክሙን በሙሉ ፕሮሰሰሩ ይሸከማል። 50ኛው ትውልድ ይፈታዋል። ኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያለው ኩዊክ ሲንክ የሚባለው የቪዲዮ ክፍልም በኤችኢቪሲ (H.265) የተቀረጸውን ከቀደም ጀምሮ ይፈታዋል። ስለዚህ ያለፈው ትውልድ ካርድ በቅናሽ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ካሜራችሁ ምን እንደሚቀርጽ እዩ። ስምንት ቢት ብቻ የሚቀርጽ ከሆነ ግን አሮጌው ካርድ ይበቃችኋል፤ ገንዘባችሁን ያዙ።

ትልቁ ጭቅጭቃችን የነበረው በፕሮሰሰሩ ነው። የእህቴ ልጅ ኤኤምዲ ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ምክንያት አለው፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተደረበ ተጨማሪ ካሽ፣ ማለትም እጅግ ፈጣን የቅርብ ሜሞሪ፣ አለው፣ በድምሩ 96 ሜጋባይት፤ ጌም ደግሞ ትንንሽ መረጃ ቶሎ ቶሎ ስለሚጠይቅ ይህ በጣም ይጠቅመዋል። ኮሩ፣ ማለትም ሥራውን የሚከፋፈሉት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች፣ ግን ስምንት ነው። እኔ ደግሞ 16 ኮር ያለውን 9950ኤክስን ፈለግሁ፤ የሦስት ሰዓት የሰርግ ፊልም ሬንደር ሲደረግ፣ ማለትም ተቀናብሮ ወደ መጨረሻው ፋይል ሲቀየር፣ የኮር ብዛት በሰዓት ይታያል። «ባለ 4ኬ ሞኒተር ላይ ስትጫወት ገደቡ ካርዱ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ልዩነት ብዙም አይታይም» ብዬ ላሳምነው ሞከርኩ። እውነት ነው። እሱም፦ «ጋሼ፣ እኔ የተኩስ ጨዋታ በ4ኬ አልጫወትም፤ ጥራቱን ቀንሼ ፍጥነቱን ነው የምፈልገው» አለኝ። ይህም እውነት ነው። ያስታረቀን 9950ኤክስ3ዲ ነው፤ 16 ኮር አለው፣ ተጨማሪው ካሽ ደግሞ ከግማሾቹ ኮሮች ስር ተደርቧል። ሲወጡ በሁለቱ ባለ 16 ኮር ፕሮሰሰሮች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት 50 ዶላር ነበር። እዚህ ገበያ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ለቤት ውስጥ ሰላም ግን ውድ አይደለም።

ማቀዝቀዣ። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት የሙቀት መለኪያ ብዙው ለባሕር ጠለል በቀረቡ ከተሞች የተሠራ ነው። እኛ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፤ አየሩ በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። አየራችን ቀዝቃዛ መሆኑ ይክሰናል፤ ሆኖም አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ማቀዝቀዣ ያዙ። እኔ ባለ ሁለት ማራገቢያ ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ መረጥኩ፤ የውኃው ዓይነት ፓምፑ ቢሞት ምትኩን ማግኘት ጣጣ ነው። አቧራውማ አይነሳ። አስፋልት ያልደረሰበት ሰፈር በበጋ የፊት ማጣሪያውን አውጥታችሁ ስታዩ ቀይ ስስ ዱቄት ከብርድ ልብስ ብናኝ ጋር ተጋግሮ እንደ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ሆኖ ይላጣል። ኬዝ ስትመርጡ ከመብራቱ ቀለም በፊት ማጣሪያው ያለ መፍቻ የሚወጣ መሆኑን እዩ። ወለል ላይም አታስቀምጡት።

ራም 64 ጊጋባይት፣ በሁለት ቁራጭ። ዲዲአር5 የሚባለው የዛሬው ራም አራት ቁራጭ ሲሰካ ፍጥነቱ ይወርዳልና በሁለት ያዙት። ማከማቻ ላይ ግን አትሰስቱ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል፤ ሁለት ካሜራ ስድስት ሰዓት ከቀረጹ 540 ጊጋባይት ነው፤ ይህ የአንድ ሰርግ ነው። ሥራው ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ላይ ይሠራ፤ ያለቀው በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልበጥ፣ አንደኛው ዲስክ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። የሰው ሰርግ አይደገምም።

ለጌም ተጫዋቾች አንድ ነገር ብቻ። ማንኛውም ካርድ ፒንግ፣ ማለትም መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ፣ አይቀንስም። የእህቴ ልጅ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶበታል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ ለመመለስ ብቻ 53 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ኬብሉ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፤ ባሕር ስለሌለን መጀመሪያ በጎረቤት አገር በኩል ባሕር መድረስ አለበት። በዓረቦቹ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ሰርቨር ያለውን ጨዋታ ምረጡ፣ ከዋይፋይ ይልቅ በገመድ ተጠቀሙ፤ ከዚህ በላይ በገንዘብ የሚገዛ ነገር የለም።

ግዢው ላይ፣ ሱቁ ቦሌም ይሁን መርካቶ፣ ዕቃው ተገጣጥሞ እዚያው ፊታችሁ ይብራ። አንድ ሻጭ «ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው፣ ምን ያስጨንቅሃል» ብሎ ካርቶኑን በፕላስተር እንደታሸገ ሊሰጠኝ ነበር፤ ትቼለት ወጣሁ። ሌላው ግን ወንበር ሰጠኝ። የካርዱን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያየን፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ካርዱንና ፕሮሰሰሩን በአንድነት ሙሉ ጭነት ላይ አቆየንና ሙቀቱን አነበብን። የካርዱ ኃይል መሰኪያ እስከ መጨረሻው መግባቱን በዓይናችሁ እዩ፤ በከፊል የተሰካ እንደሆነ ይሞቃል፣ ሊቀልጥም ይችላል። ዋስትናው የሱቁ ነው ወይስ የአምራቹ የሚለውንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ ከዱባይ በሰው እጅ የመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ ያለው የሱቁ ቃል ብቻ ነው።

ሞኒተሩን ሆን ብዬ አልነካሁትም፤ የቀለም ማስተካከሉ ጉዳይ ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ በሚቀጥለው ክፍል እመለስበታለሁ። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።