ከላቦራቶሪው በፊት የነበሩ እናቶች

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ሰሞኑን ሐሳቤ ሁሉ ያለው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባለችው የደሴቶች አገር፣ ሳሞዋ ላይ ነው።

ፋሌአሉፖ በሳቫዪ ደሴት የምትገኝ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፖል አለን ኮክስ በዚህችና በሌሎች የሳሞዋ መንደሮች ከመድኃኒት አዋቂዎች ዘንድ ይማሩ ነበር፤ ከእነርሱም አንዷ ኤፔኔሳ ማዊጎዋ ነበሩ። እኚህ እናት ማማላ የተባለውን ዛፍ ልጥ ቀጥቅጠው፣ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፈው፣ የወፍ በሽታ ለያዘው ሰው ያጠጣሉ። ናሙናው በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሲመረመር ፕሮስትራቲን የተባለ ንጥረ ነገር ተገኘበት። ኤችአይቪ አስቸጋሪ የሆነው በሕዋሳት ውስጥ አድፍጦ ስለሚተኛ ነው፤ የተኛውን መድኃኒት አያገኘውም። ፕሮስትራቲን በላቦራቶሪ ያንን የተኛ ቫይረስ ይቀሰቅሰዋል። ገና ለገበያ የበቃ መድኃኒት አልሆነም።

ታዲያ ማን አገኘው ሲባል ላቦራቶሪው ብቻ ሲጠራ ያመኛል። ከዚያ ሁሉ ደን ይህን ዛፍ፣ ከዛፉም ልጡን፣ ከበሽታውም የወፍ በሽታን የለየ ሰው የምርምሩን ግማሽ ጨርሷል። ስለዚህ በ2004 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ከሳሞዋ መንግሥት ጋር የተፈራረመውን ውል እወደዋለሁ። ዛፉ ፕሮስትራቲንን በሚሠራባቸው ጂኖች ላይ ከሚደረግ ምርምር ትርፍ ቢገኝ እኩሌታው የሳሞዋ ነው፤ መንደሮቹና የመድኃኒት አዋቂዎቹ ቤተሰቦችም ድርሻ አላቸው።

የእኛን እንዶድ አስቡት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የብልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ማጥፊያ ከዚያ ተገኘ። የእሳቸውን ስም በኩራት እንጠራለን፣ ይገባቸዋልም። የእነዚያን አጣቢዎች ስም ግን ሲያነሣ የሰማሁት የለም።

ከሁሉ ደስ ያሰኘኝ የማታላፊ ጥናት ነው። ማታላፊ የሳሞዋ መድኃኒት አዋቂዎች ቅጠሉን ጨምቀው ለትኩሳት፣ ለሰውነት ሕመምና ለእብጠት የሚሰጡት ቁጥቋጦ ነው፤ መንፈስ ያመጣው ለሚባል ሕመምም ይሰጡታል። ሳሞዋዊቷ ተመራማሪ ሴሴኢ ሞሊማው-ሳማሶኒና ባልደረቦቻቸው በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ጭማቂው በሕዋሳት ላይ ሲሞከር ብግነትን በመቀነስ ከአይቡፕሮፌን ጋር ተስተካከለ። የሚሠራውም ብረትን በመያዝ እንደሆነ አሳዩ። እዚህ ጠያቂዋም ተጠያቂዎቹም የአንድ አገር ሰዎች ናቸው፤ ስለ ቅጠሉ አዲስ ጥያቄ ቢነሣ መልሱ ያለው ጎረቤት ነው።

ከአድማጮቼ መካከል በባህል መድኃኒት ላይ የምትመራመሩ ካላችሁ ጻፉልኝ። ያስተማሯችሁ ሰዎች ስም በጥናታችሁ የት ቦታ እንደሚገባ መስማት እፈልጋለሁ።