የተዘጋው ፋይል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን የማወጋችሁ ስለ አንድ ወረቀት ነው። ከ11 ዓመት በፊት የዘር ፈሳሽ ምርመራ ሳደርግ የተሰጠኝ ውጤት ሲሆን፣ ሰሞኑን ያገኘሁት የልጄ የክትባት ካርድ በተቀመጠበት ፖስታ ውስጥ ነው። በወረቀቱ ላይ በአንድ ሚሊ ሊትር የተቆጠረው ስፐርም 3 ሚሊዮን ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ባወጣው የላቦራቶሪ መመሪያ ዝቅተኛው ማመሳከሪያ 16 ሚሊዮን ነው።

መካንነት ሲባል ቀድማ የምትታሰበን ሴቷ ናት፤ ሆኖም ልጅ ለመውለድ ከተቸገሩ ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ዘንድ የወንዱም ድርሻ አለበት። እኔም ይህን የተረዳሁት በራሴ ሲደርስ ነው። አንድ ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ገደማ ስለሚወስድ ምርመራው ከሦስት ወር በኋላ ተደገመ፤ ቁጥሩ ግን ያው ነበር። በኋላ በሕክምና እገዛ ሴት ልጃችን ተወለደች፣ ፋይሉም በዚያው ተዘጋ። የኔ አካል ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ በደስታ ሰክሬ ስለነበር እኔም አልጠየቅሁም።

ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። የወንድ የዘር ፍሬ ሁለት ሥራ አለው፤ ስፐርም ያመርታል፣ ቴስቶስትሮን የተባለውንም ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ደግሞ አጥንትን፣ ጡንቻን፣ የቀይ ደም ሕዋሳትን ምርትና ሰውነት ስኳርን የሚጠቀምበትን መንገድ ይነካል። ስለዚህ አንደኛው ሥራ ሲጓደል ሌላኛውም ተጓድሎ እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው። በዴንማርክ የ78,284 ወንዶችን የምርመራ ውጤት ለበርካታ ዓመታት የተከታተለና በ2025 የታተመ ጥናት፣ የሚንቀሳቀስ ስፐርማቸው በጠቅላላው (በአንድ ሚሊ ሊትር ሳይሆን) ከ120 ሚሊዮን በላይ የሆነ ወንዶች 5 ሚሊዮንና ከዚያ በታች ካላቸው ይልቅ በአማካይ 2.7 ዓመት የበለጠ እንደሚኖሩ አሳይቷል። ይህ ማለት የስፐርም ማነስ ሰውን ይገድላል ማለት አይደለም፤ ሁለቱንም የሚያመጣ ሌላ ነገር ከሥር ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

አንዳንዴ ያ ከሥር ያለው ነገር ስም አለው። ከ600 ወንዶች በግምት አንዱ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞዞም፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረስ የዘር መረጃ ተሸካሚ፣ ይዞ ይወለዳል፤ ይህ ሁኔታ ክላይንፌልተር ይባላል። ብዙዎቹ ይህን ሳያውቁ ይኖራሉ፤ የሚያውቁትም አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ፈልገው ሲመረመሩ ነው፣ ለአጥንት መሳሳትና ለስኳር በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ ቢሆኑም። የዘር ፍሬ ካንሰርም መውለድ በተሳናቸው ወንዶች ላይ ከሌሎች ይልቅ በዝቶ ይታያል፤ በጥቅሉ ግን ብዙ የማያጋጥም በሽታ ስለሆነ አትደንግጡ፣ ያልተለመደ እብጠት ወይም ጥጥር ነገር ከተሰማችሁ ግን አታቆዩት።

በነገራችን ላይ፣ አንድ ወዳጄ «ወንድነትህን ያበረታልሃል» ብሎ የቴስቶስትሮን መርፌ መክሮኝ ነበር። ከውጭ የገባ ሆርሞን አንጎልን «በቂ አለ» ስለሚያሰኘው፣ አንጎል ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ ያለችውም ጥቂት ስፐርም ትጠፋለች። ልጅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የከፋ ምክር አላውቅም።

እኔ ወደ ሐኪም የተመለስኩት ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም ሲበዛብኝ ነው። ሐኪሟ ያንን አሮጌ ውጤት ሰምታ ቴስቶስትሮኔን፣ የጾም ስኳሬንና የአጥንቴን ጥንካሬ አስመረመረችኝ። ሆርሞኑ ዝቅ ብሏል፤ ስኳሩ 118 ነበር፣ ማለትም ገና በሽታ ያልሆነ ግን ከጤነኛው ልክ ያለፈ፤ አጥንቴም መሳሳት ጀምሯል። ለባለቤቴ ስነግራት ጥቂት ዝም ብላ «ታዲያ ያኔ የመረመሩት ማንን ነበር?» አለችኝ።

ወረቀቱን ከክትባት ካርዱ ለይቼ በሌላ ፖስታ አስቀምጫለሁ፤ ከላዩም የራሴን ስም ጽፌበታለሁ።