ለማን ነው በጎው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የምትሰሙ ከሆነ ይቅርታ። እስኪያባራ ልጠብቅ ብል ደግሞ መብራቱ ይሄድብኛል ብዬ ፈራሁ።

ይሄን ጉዳይ ለማውራት ብዙ ጊዜ አስቤ ትቼዋለሁ። የምነግራችሁ ነገር እኔን ጥሩ ሰው አያስመስለኝም፣ ለዚያ ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት አንዲት ጓደኛዬ የስድስት ዓመት ልጇን ቀበረች። የደም ካንሰር ነበር። ከዓመት በላይ ታክሟል፤ አንዴ ይሻለዋል፣ አንዴ ይብስበታል፣ እንደዚያ ሲል ቆይቶ ሄደ። እኔ ከከተማ ወጥቼ ስለነበር የደረስኩት በማግስቱ ነው። እድሩ የተከለው ድንኳን ውስጥ ሰው ጢም ብሏል። እሷ ውስጥ ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩና እጇን ይዤ፣ ምን እንደምል ሲጠፋኝ ጊዜ፣ ሁላችንም የምንለውን አልኳት። «አይዞሽ እኅቴ፣ ለበጎ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ለማን ነው በጎው?» አለችኝ።

በቁጣ አልነበረም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነው የጠየቀችኝ፤ የማውቅ መስሏት። በዚያ መሀል ንፍሮ ሲዞር ደረሰኝ። እፍኝ ሙሉ ዘገንኩና አፌን ሞላሁት። በሕይወቴ ንፍሮ እንደዚያ ቀን አድኖኝ አያውቅም።

«ለበጎ ነው» የሚለው ቃል ከየት መጣ ብዬ የፈለግሁት በኋላ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሮሜ 8፥28 ነው፤ «ነገር ሁሉ ለበጎ እንዲደረግ እናውቃለን» ይላል። እኔም ጥቅሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከላይ ያለውን ግን አንብቤው አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። ስድስት ቁጥር ብቻ ወደ ላይ ብትወጡ፣ እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ጳውሎስ ፍጥረት ሁሉ በምጥ ላይ እንዳለች ሴት እየቃተተ ነው ይላል። እኛም እንቃትታለን ይላል። መንፈስ ቅዱስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል። «ለበጎ» የሚለው የመጣው ያ ሁሉ መቃተት ካለፈ በኋላ ነው። እኔ መቃተቱን ዘልዬ በጎውን ብቻ ይዤ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ያው ጳውሎስ እኮ እዚያው መልእክት ውስጥ፣ ምዕራፍ 12 ላይ፣ ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ ነው ያለው። አስረዷቸው አላለም።

ከዚያ ኢዮብን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ 42ቱንም ምዕራፍ አነበብኩት። «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ» ስንባባል የምናስበው ምዕራፍ አንድና ሁለትን ብቻ ነው። እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ፤ አመድ ላይ ተቀምጦ ቁስሉን በገል ሲፍቅ፤ እሱ እሱን። ምዕራፍ ሦስት ላይ ግን ያ ትዕግሥተኛ የምንለው ሰውዬ አፉን ከፍቶ የተወለደባትን ቀን ይረግማል። ከዚያ በኋላ ዝም የሚል እንዳይመስላችሁ። እግዚአብሔርን ፍርድ ቤት ላቆምህ ይላል፤ ምን በደልኩህ፣ ለምን ዒላማህ አደረግኸኝ ይላል። እኛ ሰፈር አንድ ሰው እንደዚህ ቢናገር «ኧረ አፍህን በጎ ነገር ይግባበት» የማይለው የለም።

ጓደኞቹ አሉ ደግሞ፤ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስ፣ ሶፋር። እነዚህን ሰዎች ሁልጊዜ እንረግማቸዋለን እንጂ አመጣጣቸው ጥሩ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ጮኸው አለቀሱ፣ ልብሳቸውን ቀደዱ፣ ከዚያም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ አንድም ቃል የተናገረው የለም። ይሄማ የእኛው ለቅሶ ነው! ሰባቱን ቀን እንደዚያው ጨርሰው ወደ የቤታቸው ቢሄዱ ኖሮ ስማቸው በክብር ይነሳ ነበር። ነገሩ የተበላሸው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። አንድ ነገር ሳታጠፋ አይቀርም፤ ልጆችህ በድለው ይሆናል፤ ንስሐ ግባ፤ እግዚአብሔር በከንቱ አይቀጣም። ክፋቱ፣ የሚሉት ነገር አብዛኛው ትክክል ይመስላል። ስብከት ላይ ብሰማው አሜን የምለው ነው።

እግዚአብሔር በመጨረሻ ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲናገር «ለምን» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ስለ በረዶ ያወራል፣ ስለ ሰጎን፣ የበረሃ ፍየል መቼ እንደምትወልድ ታውቃለህ ወይ እያለ ይጠይቃል። እውነቱን ልናገር፣ ይሄ ክፍል ለረጅም ጊዜ ያናድደኝ ነበር። ሰውዬው አሥር ልጅ ቀብሮ ስለ ሰጎን! አሁንም ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል አልልም። ምዕራፍ 42 ላይ ያለው ነገር ግን ቁጭ አደረገኝ። እግዚአብሔር ኤልፋዝን ተቆጥቻችኋለሁ ይለዋል፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁምና። ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙት ተሳሳቱ ተባሉ። የጮኸበት ሰውዬ ቅን ተናገረ ተባለ።

ጌታም እንዲሁ ነው። ሉቃስ 13 ላይ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት አሥራ ስምንት ሰዎች ሲናገር፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ ኃጢአተኞች የነበሩ ይመስላችኋልን ብሎ ይጠይቅና፣ አይደለም ይላል። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ ተራራው የተናደ ጊዜ ይሄ ቃል ነበር ትዝ ያለኝ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከእነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የመጣባቸው ናቸው። ለወንድሙ አፈር ሊዝቅ የሮጠ ሰው! ያን ሰሞን «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» የሚሉ ሰዎች ሰማሁ። ስልኬን ዘጋሁ።

ነጻ ፈቃድ የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ሰው የመምረጥ ነጻነት ስላለው ክፋት ይሠራል፣ ሌላው በዚያ ይሠቃያል። ለጦርነት፣ ለዘረፋ፣ ለብዙ ነገር ልክ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ደም ውስጥ ላለ ካንሰር ግን ማን ምን መረጠ? መከራ ያጠራል የሚለውም እንደዚሁ። እውነት ነው፣ ያጠራቸው ሰዎች አውቃለሁ። የሰበራቸውም አውቃለሁ።

አባቴ ያረፈው አምና በጥቅምት ነው። ያኔ ተራው የእኔ ሆነ፣ ፍራሹ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የመጣው ሰው ሁሉ የሚለውን አለ። ዕድሜ ጠግቦ ነው፤ ዐረፈ እንጂ አልሞተም፤ አልቅሰሽ አታስጨንቂው። አንዲት እናት ደግሞ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው፣ ቤቱ ፀበል ሳይረጭ ስለቆየ ነው ብለውኝ ሄዱ። ኤልፋዝ ጥቁር ሻሽ አስሮ መጣ ማለት ይሄ ነው።

ጓደኛዬም መጣች። አቅፋ ሳመችኝና ምንም ሳትል ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይቼ ውኃ ልጠጣ ስገባ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ ሰፌድ አድርጋ ለንፍሮ የሚሆን ስንዴ ትለቅማለች። ጠጠሩን በሌባ ጣቷ እየገፋች ወደ አንድ ዳር ትሰበስባለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና አብሬያት መልቀም ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ሳይሆነን አይቀርም። ስለ አባቴ አላወራንም። ስለ ልጇም አላወራንም። አንዴ ብቻ «ይሄ ስንዴ ከየት የተገዛ ነው፣ ግማሹ ድንጋይ!» አለችና ሳቅን። ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ያውም በሁለተኛው ቀን።

ዘንድሮ ስቅለትን አብረን ዋልን። የስቅለት ቀን ደስ የሚለኝ ማንም ቆሞ መከራን ሊያስረዳችሁ የማይሞክር መሆኑ ነው። ይነበባል፣ ይሰገዳል፣ ኪርያላይሶን ይባላል፤ ጉልበት ያማል፣ አፍ ይደርቃል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ ቃል ይመጣል፤ ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ፣ አምላኬ አምላኬ ስለ ምን ተውኸኝ። የጓደኛዬ ጥያቄ እኮ ነው። «ለምን» ማለት ድፍረት ከሆነ፣ መስቀል ላይ ያለው ጌታ ቀድሞናል። እሱም እዚያ ሰዓት ከሰማይ መልስ ሲመጣለት አናነብም።

ወደ ማታ ላይ እንደ ሥርዓቱ ካህናቱ ጋ ቀርበን፣ በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ አድርገውን ስግደት ይሰጡናል። እሷ የቀረበችው አንድ አዛውንት ቄስ ጋ ነው። ከእሳቸው ጋ ያወራችውን ራሷ ናት የነገረችኝ፣ እንድናገረውም ፈቅዳልኛለች።

«አባ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልቻለሁ» አለቻቸው።

«ትነጋገራላችሁ ወይስ ተኳርፋችኋል?»

«እንነጋገራለን። እየጮኽኩበት ነው እንጂ።»

«እሺ» አሉ፣ በወይራው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና፣ «በይ ሠላሳ ስገጂ።»

ጥግ ይዛ መስገድ ጀመረች። ጉልበቷን ስለሚያማት ቁጠሪልኝ ብላኝ እኔ እቆጥርላታለሁ። ሃያ ምናምን ላይ ስደርስ እያየኋት ቁጥሩ ጠፋብኝ። አልነገርኳትም። መጨረሻ ላይ ቀና ብላ «ስንት ቀረኝ?» ስትለኝ «ትንሽ» አልኳት።