ለሲልኪ ጫጩት ጊዜ እንስጣት

የተከበራችሁ ዶሮ አርቢዎች፣ እንግዶቻችን፣ ከወላጆቻችሁ ጋር የመጣችሁ ልጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሲልኪ የሚባለውን፣ ላባው እንደ ጸጉር የለሰለሰ የዶሮ ዘር የሚያረባ ሰው ሁልጊዜ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህቺ ወንድ ናት ሴት?» የሚል። ጠያቂው ጫጩቷን በሁለት እጁ አቅፎ ወይም ፎቶዋን በስልኩ ይዞ ይመጣል። እኔም መልሼ «ስንት ሳምንቷ ነው?» እላለሁ። ስድስት ሳምንት ካለኝ «ገና ነው» ብዬ እመልስለታለሁ። ብዙዎች በዚህ መልስ ቅር ይላቸዋል። የምታውቅ መስሎኝ ነበር የሚል ፊት ያሳዩኛል። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህ «ገና ነው» ስለሚለው መልስ ነው። ቸኩለን በሰጠነው ግምት ጫጩት ትሸጣለች፣ ለሰው ትሰጣለች፣ ከመንጋዋ ትለያለች፣ አንዳንዴም ትታረዳለች።

ቋንቋችንም ያስቸኩለናል። በአማርኛ ስለ አንዲት ጫጩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ለመናገር «እሱ» ወይም «እሷ» ማለት ግድ ነው። ትንሽና የምታሳሳ ነገር ስናይ ደግሞ «እሷ» ማለት ይቀናናል፤ «ስታምር!» እንላለን። ይህን ሁለት ወር ስንደጋግመው ጆሯችን ይለምደዋል፤ ልባችንም ሴት ናት ብሎ ይደመድማል። እኔም ዛሬ «ጫጩቷ» ስል ለመናገር እንዲመቸኝ ነው እንጂ ሴትነቷን ወስኜ አይደለም።

መጀመሪያ ካረባኋቸው መካከል ጥጥ የምትባል ነጭ ጫጩት ነበረች። ጭምት ነበረች፤ ከመኖ ዕቃው ወደ ኋላ ቆማ ሌሎቹ እስኪበሉ ትጠብቃለች። ወንድሟ ብዬ የፈረጅኩት ጫጩት ግን ደረቱን ነፍቶ ሁሉንም ይጋፋ ነበር። በስምንተኛው ሳምንት ጥጥን ሴት ናት ብዬ ለአንዲት የጎረቤት ልጅ ሰጠኋት፤ ተጋፊውን ደግሞ ወንድ ነው ብዬ ከቤት አስወጣሁት። ጥጥ በአምስተኛ ወሯ አንድ ማለዳ ጮኸች፤ አውራ ዶሮ ነበረች። ቤተሰቡ አውራ ማኖር ስለማይችል ልጅቷ በካርቶን አድርጋ መለሰችልኝ። ካርቶኑን ስትሰጠኝ ዓይኗ እንዳበጠ አስታውሳለሁ። ያ ተጋፊ ዶሮ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ በአዲሱ ቤቱ እንቁላል ጣለ። ሁለቱንም የገመትኩት በጠባይ ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም ተሳሳትኩ። ከዚያ ወዲህ ነው ማስታወሻ ደብተር መያዝ የጀመርኩት።

ነገሩን ከእንቁላሉ እንጀምር። የጫጩት ጾታ የሚወሰነው ገና እንቁላሉ ቅርፊት ሳያበጅ፣ በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ነው። በሰው ዘንድ የልጁን ጾታ የሚለየው ከአባት የሚመጣው ክሮሞዞም ነው፤ በዶሮ ግን ተገላቢጦሽ ነው። አውራው ሁለት ዜድ ክሮሞዞም አለው፤ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ አላት። እናቲቱ ዜድ ካወረሰች ጫጩቱ ወንድ፣ ደብልዩ ካወረሰች ሴት ይሆናል። የማስፈልፈያ ሙቀት እንደ አዞ እንቁላል ጾታ አይቀይርም። የእንቁላሉ ቅርጽም ምንም አይናገርም። በጥንት ዘመን አርስቶትል ረጅምና ሹል እንቁላል ሴት ይወጣዋል ሲል፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ ክቡ ነው ሴት የሚሆነው ብሎ ጽፏል። እነዚያን የሚያህሉ ሰዎች ስለ አንድ እንቁላል እንዲህ መራራቃቸው እኛ እንድንጠነቀቅ ሊያደርገን ይገባል። በክር ላይ ቀለበት አንጠልጥሎ ማወዛወዝ፣ ጫጩቷን በእግሯ ዘቅዝቆ ማየትም እንዲሁ ነው። ዘቅዝቆ ማየቱ ያስቆጣኛል፤ የሚተርፈው የጫጩቷ መሠቃየት ብቻ ነውና።

በተፈለፈለች ዕለት ጾታዋን መለየት ፈጽሞ አይቻልም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የአንድ ቀን ጫጩትን የኩስ መውጫ በጣት ከፍቶ ውስጡ ያለችውን ጥቃቅን እብጠት በማየት መለየት እንደሚቻል አሳዩ፤ ሙያው ከዚያ ወደ ዓለም ተዛመተ። ነገር ግን ረጅም ሥልጠና ይጠይቃል። ያልሠለጠነ እጅ ያቺን ሚጢጢ ሆድ ይጎዳል፤ ቤታችሁ እንዳትሞክሩት እለምናችኋለሁ። በክንፍ ላባ እርዝማኔ መለየት የሚባለውም ለዚሁ ተብለው በተዳቀሉ ዘሮች ላይ ነው የሚሠራው፤ በሲልኪ ላይ አይታመንም። አስተማማኙ የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ሥሩ ያልተበጠሰ የተነቀለ ላባ፣ ጠብታ ደም ወይም ከተፈለፈለችበት ቅርፊት ውስጥ የቀረው ስስ ሽፋን ይበቃል። መወሰን ግድ የሆነበት ሰው ከግምት ይልቅ ይህን ቢያደርግ እመርጣለሁ።

ሲልኪ ለምን ከሌላው ዶሮ ይልቅ ይከብዳል? ምልክት ብለን የምናየው ነገር ሁሉ የሆርሞን ሥራ ነው። የአውራው የግንባር ሥጋ የሚያድገው በወንዴ ሆርሞን ነው። የሴቷ ላባ ጫፉ ክብ ሆኖ የሚቀረው ደግሞ በሴቴ ሆርሞን ነው። ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራላት የግራው እንቁልጢዋ፣ ማለትም እንቁላል ማመንጫዋ፣ ብቻ ነው፤ እሱ ታሞ ሥራ ካቆመ ያደገች ሴት እንደ አውራ ላባ ልታወጣ፣ ልትጮህም ትችላለች። እንግዲህ ሆርሞኑ ሳይበረታ ከውጭ የሚታይ ነገር አይኖርም። ሲልኪ ደግሞ ለመጎልመስ ትዘገያለች። ብዙ ሌሎች ዘሮች በአምስትና በስድስት ወር እንቁላል ሲጀምሩ፣ የሲልኪ ቄብ ሰባት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ዘጠኝ ወር ትቆያለች።

በዚህ ላይ ላባዋ ይሸፍናል። የሌላ ዶሮ ላባ ከመሬት አንሡና በጣታችሁ ሰንጥቁት። ከሥሩ ወደ ጫፉ ስታሹት ስንጥቁ መልሶ ይገጥማል፤ ክሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዙ በዓይን የማይታዩ መንጠቆዎች አሉበት። በሲልኪ ላባ ላይ እነዚያ መንጠቆዎች የሉም። እያንዳንዱ ክር ለብቻው ተበትኖ ይንሳፈፋል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማርኮ ፖሎ በቻይና እንደ ድመት ጸጉር ያላቸው ጥቁር ዶሮዎች እንዳሉ መተረኩም በዚሁ ነው። ሌላ ዘር ቢሆን ወደ ሦስት ወር ገደማ ወንዱ አንገቱና ወገቡ ላይ ሹልና አንጸባራቂ ላባ ያወጣና ይለይልናል። በሲልኪ ላይ ያ ሹል ላባ ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም በለስላሳው ክምር ውስጥ ይጠፋል። ጺም ያላት ዓይነት ከሆነች ደግሞ ከአገጭ ሥር የሚንጠለጠለው ሥጋ በጺሙ ይጋረዳል።

እንግዲህ ምን እንይ? እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ግንባሩን ነው። የሲልኪ የግንባር ሥጋ እንደ ሌሎች ዶሮዎች እንደ መጋዝ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ከመንቆሩ በላይ ጥቅልል ብሎ እንደ ለውዝ ፍሬ የተጨማደደ እብጠት ነው። ጫጩቷን በቀን ብርሃን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡ፣ እስክትረጋጋ ጠብቁ፣ ከዚያ የግንባሯን ጸጉር በአውራ ጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ግፉት። አደራ፣ አናቷን አትጫኑ፤ አንዳንድ ሲልኪ ከጉትያዋ ሥር የራስ ቅሏ ከፍ ብሎ ያበጠና ያልተዘጋ ክፍተት ያለበት ነው።

በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ሁለት ጫጩቶችን በዘጠነኛው ሳምንት ጎን ለጎን እንዲህ አይቼ ነበር። የአንደኛዋ የግንባር ሥጋ ጠባብና ጠፍጣፋ ነበር፤ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቆዳ ይመስላል፤ ከመንቆሩ ሥር ብዙም አልወጣም። የሁለተኛው ከአፍንጫ ቀዳዳው በላይ ወደ ግራና ቀኝ ሰፍቶ፣ መሐሉ ላይ እንደ እርሻ ትልም ያለ መስመር አውጥቶ፣ ሲነካ ወፈር ይላል። በሰባተኛው ሳምንት ግን ሁለቱ ተመሳሳይ ነበሩ፤ ደብተሬ ላይ «ልዩነት የለም» ብዬ ጽፌያለሁ። ሁለት ሳምንት ነው የለያቸው። ለብቻቸው ባያቸው ኖሮ ሁለቱንም ሴት እል ነበር። ስለዚህ አንዲትን ጫጩት ከእኅትና ከወንድሞቿ ነጥሎ መገመት ግማሹን ማስረጃ መጣል ነው እላለሁ። ቀለሙ ግን አያታልላችሁ። ብዙ ሰው «ቀላ፣ ወንድ ነው» ይላል። የግንባር ሥጋው ቀላ ያለ ሴትም፣ የጠቆረ ወንድም አለ። እኔ የማምነው ስፋቱንና የእድገቱን ፍጥነት ነው።

ሁለተኛው ጉትያው ነው። በሴቷ ላይ ጉትያው ዙሪያውን እኩል ሞልቶ እንደ ተነፈሰ ኳስ ይከባል፤ ዓይኗን እስኪሸፍን ድረስ። በወንዱ ላይ ከግንባሩ ሳሳ ብሎ ነፋስ እንደ ገፋው ወደ ኋላ ይተኛል፤ ከበስተኋላውም ቀጭን፣ ረዘም ያሉ፣ ሹል ክሮች ከክምሩ አልፈው ይወጣሉ። እነዚህ ክሮች ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ወር ባለው ጊዜ ይታያሉ። ጎልተው ከወጡና የግንባር ሥጋውም ከሰፋ እኔ ወንድ ብዬ እጽፋለሁ። ክሮቹ አለመታየታቸው ግን ሴትነትን አያረጋግጥም። ዘግይቶ የሚያወጣ አለ፤ ላባ ሲቀይሩ ጉትያው ተበጣጥሶ ምንም የማይነበብበት ጊዜም አለ። በተጨማሪም ጓደኞቿ የነጩዋት ጫጩት ጉትያዋ የሳሳው በመነጨት ይሁን በወንድነት ለመለየት ያስቸግራል።

የእግር ውፍረትና የእግር ጣት ትልቅነት ይረዳል፤ ግን ለአንድ ቤት ጫጩቶች ብቻ ነው። ቀለበት ካደረጋችሁላቸው የማን ቀለበት ቀድሞ እንደጠበበ መዝግቡ፤ ቀለበቱንም ሳይቆርጣት ቀይሩላት። አቋምም እንዲሁ፤ ወንዱ አንገቱን መዝዞ ቀጥ ይላል፣ ሴቷ ዝቅ ብላ ትሄዳለች ይባላል፤ የፈራች ሴትም ግን አንገቷን መዝዛ ቀጥ ትላለች። ደረት ለደረት መጋጨቱን ሁለቱም ጾታ ያደርገዋል። ጥጥንና ያንን ተጋፊ አትርሱልኝ።

መጨረሻ ላይ የሚወስኑት ድምፅና እንቁላል ናቸው። አንዳንዱ ወንድ ሁለት ወር አልፎት ብዙ ሳይቆይ በተሰነጣጠቀ ድምፅ መጮህ ይሞክራል፤ ሌላው ግን፣ በተለይ በዕድሜ የሚበልጠው አውራ በግቢው ካለ፣ ግማሽ ዓመት አልፎትም ዝም ይላል። ዝምታው ሴት አያደርገውም። እንቁላልም ቢሆን ጎጆው ውስጥ በመገኘቱ ብቻ የእገሊት ነው አይባልም፤ ስትጥል ማየት፣ ወይም ለብቻዋ አድርጎ መጠበቅ ያስፈልጋል።

አሁን ስለምንሸጥና ስለምንሰጥ ሰዎች ልናገር። አንድ ጊዜ «ስድስቱም ሴቶች ናቸው» ተብዬ የአምስት ሳምንት ጫጩቶች ገዝቼ አራቱ አውራ ሆኑ። ሻጩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ገዢው የሚፈልገውን መልስ ነው የሰጠው። እኔ ግን አራት አውራዎች ሁለት ቄቦችን ሲያስጨንቁ፣ የጀርባቸውን ላባ ሲያራግፉ፣ እርስ በርሳቸውም ሲደማሙ አየሁ። ከሚፈለፈሉት ግማሽ የሚያህሉት ወንድ እንደሚሆኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለእነሱ ማረፊያ ሳያስቡ እንቁላል ማሳቀፍ ችግሩን ወደ ገዢው ማስተላለፍ ነው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፤ ጾታው ሳይለይ የምትሰጡ ከሆነ «ያልተለየ» ብላችሁ ስጡ። ግምታችሁን ከነገራችሁ ግምት መሆኑን ንገሩ፤ ከየትኛው ምልክት እንደተነሣችሁም ጨምሩ። ወንድ ከሆነ መልሳችሁ ትቀበሉ እንደሆነም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ያቺ ካርቶን ይዛ የመጣች ልጅ ይህን ሁሉ ሰምታ ቢሆን ኖሮ ጥጥን ላትወስደው ትችል ነበር፤ ብትወስደውም አውቃ ትወስደው ነበር።

እዚያ ማዶ ባለው ሰፊ ጎጆ ውስጥ አራት ሲልኪዎች አምጥቻለሁ። በአንድ ቀን ነው የተፈለፈሉት፤ ዛሬ 14 ሳምንት ሞላቸው። እግራቸው ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለበት አላቸው። ንግግሬን ስጨርስ እጃችሁን ታጥባችሁ ኑ፤ በየተራ ከሥር ደግፋችሁ አንሷቸው፣ ግንባራቸውን ግለጡ፣ ጉትያቸውን ከጎንና ከኋላ ተመልከቱ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ፤ ከየቀለበቱ ቀለም ፊት ግምታችሁንና ምክንያታችሁን ጻፉ። «ገና ነው» ብሎ መጻፍም ይቻላል። እኔ ቀዩን ወንድ፣ አረንጓዴዋን ሴት ብያለሁ፤ በሰማያዊውና በቢጫዋ ፊት ግን «ገና» ብዬ ነው የጻፍኩት። ሁሉም ጮኸው ወይም እንቁላል ጥለው ሲለዩ ወረቀቶቹን ይዤ እመጣለሁ፤ አብረን እናነባቸዋለን።

አመሰግናለሁ።