ለምትሃትና ለሜንታሊዝም መሣሪያ የሚበረክት ወረቀት አመራረጥ

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ የተለያዩ ወረቀቶች፤ አንድ እጅ እያንዳንዱን እያነሣ ጠርዙን ይዳስሳል።)

ለምትሃትና ለሜንታሊዝም (የሰውን ሐሳብ እንደሚያነቡ ሆኖ ለሚቀርብ) ትርኢት የሚሆኑ መሣሪያዎችን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ወረቀት ሊገዙ ሲወጡ አብዛኛውን ጊዜ ይዘው የሚመለሱት መደብሩ ውስጥ ካለው ሁሉ ወፍራሙን ነው። ወፍራም ነገር በእጅ ሲያዝ ጠንካራ ስለሚመስል ምርጫው አያስገርምም። ይሁን እንጂ ወረቀት የሚያልቀው በመሳሳቱ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ደጋግሞ በመታጠፍ፣ ሌላው በጣት ላብ፣ ሌላው በእርጥበት፣ ሌላው ደግሞ ባልተስማማው ማጣበቂያ ይበላሻል። ስለዚህ ወረቀት ከመግዛታችን በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለብን፤ በትርኢቱ ጊዜ እጅ ይህን ወረቀት ምን ያደርገዋል? ይታጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ይበወዛል ወይስ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ ይቆያል? መልሱ በተለወጠ ቁጥር የሚያስፈልገው ወረቀትም ይለወጣል። የትርኢቶቹ ምስጢር የባለሙያዎቹ ሀብት በመሆኑ እዚህ አይነገርም፤ የምንነጋገረው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው።

በቅድሚያ ስለ ክብደት እንነጋገር። የወረቀት ክብደት የሚገለጸው አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት በሚመዝነው ግራም ነው። በየቢሮው የምናገኘው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ብዙውን ጊዜ 80 ግራም፣ ጋዜጣ የሚታተምበት ወረቀት ደግሞ ከ40 እስከ 50 ግራም ገደማ ነው። እሽጉ ላይ ቁጥር ያልተጻፈበት ወረቀት ካጋጠማችሁ ቀላል መፍትሔ አለ። አሥራ ስድስት የኤ4 ሉሆች አንድ ላይ አንድ ካሬ ሜትር ስለሚሆኑ፣ 16 ሉሆችን በኩሽና ሚዛን ላይ ስታስቀምጡ ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም ራሱ የወረቀቱ ክብደት ነው።

ክብደት ግን ከሚነግረን የሚደብቀን ይበልጣል። ወረቀት የብዙ ቃጫዎች ጥልፍልፍ ነው፤ ጥንካሬውም በቃጫዎቹ ርዝመትና እርስ በርስ በተያያዙበት ሁኔታ ይወሰናል። እንደ ጥድ ካሉ ዛፎች የሚገኘው ቃጫ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የባሕር ዛፍ ቃጫ ግን አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። የፎቶ ኮፒ ወረቀት በብዛት ከባሕር ዛፍ የሚሠራው አጭሩ ቃጫ ለኅትመት የሚመች ልስልስና ወጥ ገጽታ ስለሚሰጥ ነው እንጂ ደጋግሞ መታጠፍን ስለሚችል አይደለም። ተመልሶ ከተፈጨ አሮጌ ወረቀት የተሠራውም በየዙሩ ቃጫው እያጠረና እየደከመ ስለሚሄድ ለምንደጋግመው ትርኢት አይመከርም። በሌላው ጫፍ የጥጥ ወረቀት አለ። የአሜሪካ ዶላር 75 በመቶ ጥጥና 25 በመቶ ተልባ ሆኖ የሚሠራ ሲሆን፣ ኖቱ ከመቀደዱ በፊት ወደ ፊትና ወደ ኋላ 4,000 ጊዜ ያህል መታጠፍ እንደሚችል የአገሪቱ የገንዘብ ማተሚያ መሥሪያ ቤት ይገልጻል። ጥጥ ያለበት የደብዳቤ ወረቀት ካገኛችሁ፣ ውድ ቢሆንም፣ ዓመት ሙሉ የምታጥፉትንና የምትዘረጉትን ደብዳቤ በእርሱ ሥሩት።

(ምስል፦ ከአንድ ሉህ በቁመትና በአግድም የተቆረጡ ሁለት ጠባብ ቁራጮች፤ በጣት ጫፍ ሲያዙ አንዱ ቀጥ ይላል፣ ሌላው ይጎብጣል።)

አሁን ከሁሉ ይልቅ ትኩረት ወደሚገባው ጉዳይ እንለፍ፤ ይኸውም የቃጫው አቅጣጫ ነው። ወረቀት በፋብሪካ ሲሠራ ውኃ የበዛበት ብጥብጥ በሚሮጥ ወንፊት ላይ ስለሚፈስ አብዛኛው ቃጫ ወንፊቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ይተኛል። በዚህም የተነሣ ማንኛውም የፋብሪካ ወረቀት፣ እንደሚፈለጥ እንጨት፣ በአንድ በኩል በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ በሌላው በኩል ግን እምቢ ይላል። ይህን ለማየት አንድ ጋዜጣ አንሡ። ትልቁን ጋዜጣ ከላይ ወደ ታች ስትቀድዱት በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በአግድም ስትቀድዱት ግን ይጣመማል፣ ጠርዙም ይቦጫጨቃል። በግማሽ መጠን በሚታተሙት ጋዜጦች ላይ ወረቀቱ ተጠምዝዞ ስለሚታጠፍ አቅጣጫው ይገለበጣል። ጋዜጣ ቀድዶ መልሶ ሙሉ የሚያደርግ ትርኢት የምታዘጋጁ ከሆነ እጃችሁ የሚቀድድበትን መንገድ የምትወስኑት ከዚህ ተነሥታችሁ ነው።

አቅጣጫውን ለማወቅ ከአንዱ ሉህ በቁመቱና በአግድሙ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ጠባብ ቁራጮች ቆርጣችሁ፣ አንዱን ጫፋቸውን አንድ ላይ ይዛችሁ በአግድም ዘርጓቸው። ቀጥ የሚለው ቁራጭ ቃጫው በርዝመቱ የሄደ ነው፤ የሚጎብጠው ደግሞ ቃጫው በስፋቱ የተኛ ነው። ይህ ካልለየላችሁ ትንሽ ቁራጭ በአንድ ወገን ብቻ አርጥቡ፤ ወረቀቱ ሲጠቀለል የሚፈጥረው ቱቦ የቆመበት አቅጣጫ የቃጫው አቅጣጫ ነው፤ ቃጫ ውኃ ሲጠጣ በርዝመቱ ሳይሆን በስፋቱ ያብጣልና።

ይህ እውቀት ሲታጠፍ በሚውል ወረቀት ላይ ሁለት መልክ ይይዛል። ቀጭን ወረቀት ደጋግሞ የሚታጠፍ ከሆነ የእጥፋቱ መስመር ቃጫዎቹን አቋርጦ ቢያልፍ ይሻላል፤ ረጃጅሞቹ ቃጫዎች ከእጥፋቱ ወዲህና ወዲያ ድልድይ ሆነው ስለሚይዙት ቶሎ አይለያይም። ከ200 ግራም በላይ በሆነ ካርድ ወይም የሚያብረቀርቅ ሽፋን ባለው ወረቀት ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ቃጫውን አቋርጣችሁ ካጠፋችሁት ገጹ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙም ይረግፋል። እንዲህ ያለውን ከቃጫው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ እጠፉት፤ ከማጠፋችሁ በፊትም ቀለሙን በጨረሰ እስክሪብቶ ማስመሪያ ይዛችሁ መስመሩን ጫኑት፣ የተጨመቀው ጎድጓዳ ወገንም ወደ ውጭ ይሁን። የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ያለው የትርኢት ፖስታ ሁልጊዜ የሚሞተው በማጠፊያው መስመር ላይ ነው። መጽሐፍ ጠራዦች ለተመሳሳይ ችግር የሚጠቀሙት ረጅም ቃጫ ያለውን ስስ የጃፓን ወረቀት ወይም ቀጭን ጨርቅ ነው፤ እናንተም ማጠፊያውን በውስጥ በኩል በዚህ ብትደግፉት ዕድሜው ብዙ እጥፍ ይጨምራል።

(ምስል፦ አንድ ቃል የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ሁለት ጊዜ ታጥፋ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች።)

በሜንታሊዝም ውስጥ ብዙ የሚሠራው ተመልካቹ አንድ ስም ወይም ቃል ጽፎ በሚያጥፋት ትንሽ ወረቀት ነው። አንድን ኤ4 ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ እኩል ብትከፍሉት ስምንት ኤ7 ቁራጮች ይወጡታል፤ 74 በ105 ሚሊ ሜትር የሆነው ይህ መጠን ለአንድ ቃል ከበቂ በላይ ነው። እዚህ ላይ ወፍራም ወረቀት ጠላት ነው፤ 120 ግራም የሆነ ወረቀት ሁለት ጊዜ ታጥፎ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ቀስ እያለ ራሱን ይከፍታል። ከ75 እስከ 80 ግራም የሆነው እጥፋቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ሲቀደድም ጩኸቱ ይቀንሳል። የድምፁ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ወረቀት የተመልካቹን ዓይን ወደማትፈልጉት ቦታ ይጠራል። የጽሕፈት መሣሪያውንም አብራችሁ ምረጡ። ወፍራም ማርከር ወደ ጀርባ ያልፋል፣ ጄል እስክሪብቶ በለስላሳ ገጽ ላይ ሳይደርቅ ይቀባል፤ ተራ እርሳስ ወይም ተራ እስክሪብቶ ከሁሉ የተሻለ ታማኝ ነው።

ወረቀቱ ብርሃን ማሳለፍ አለማሳለፉ ከጥንካሬው ባልተናነሰ ይመዘናል፤ ለዚህም ታሪክ የተወልን ጥሩ ምሳሌ አለ። በ1930ዎቹ በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ባንክስ ራይን ሰው ከስሜት ህዋሳት ውጭ ማወቅ ይችል እንደሆነ ሲመረምሩ፣ ባልደረባቸው ካርል ዜነር በነደፏቸው 25 ካርዶች ይጠቀሙ ነበር። ካርዶቹ ክብ፣ መስቀል፣ ሞገድ፣ አራት ማዕዘንና ኮከብ የተሣለባቸው፣ እያንዳንዱ ምልክት አምስት ጊዜ የሚገኝባቸው ናቸው። ለገበያ የቀረቡት ካርዶች ምልክታቸው በተወሰነ ብርሃን ከጀርባ በኩል እንደሚታይ ተቺዎች አሳዩ፤ በዚህም የወረቀት ጥራት በአንድ ትልቅ ሳይንሳዊ ክርክር ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። እነዚህን ካርዶች ዛሬም ብዙ ሜንታሊስቶች ስለሚጠቀሙባቸው በቤት ስትሠሯቸው የስልካችሁን መብራት ከኋላ ይዛችሁ ፈትሹ። የመጫወቻ ካርታ ፋብሪካዎች ችግሩን የሚፈቱት ሁለት ስስ ወረቀቶችን ጥቁር በሆነ ማጣበቂያ በማያያዝ ነው፤ ጠቅላላ ውፍረቱም 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በቤት የምትሠሩ ከሆነ በሁለት ሉሆች መካከል ስስ ጥቁር ወረቀት መክተት ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ለፖስታ ደግሞ ውስጡ በጥልፍልፍ ምስል የታተመበትን ወይም ክራፍት የሚባለውን ቡናማ ወረቀት ምረጡ። ክራፍት በ1879 ጀርመናዊው ካርል ዳል ባገኘው ዘዴ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ዘዴው የቃጫውን ጥንካሬ ስለማይጎዳው በክብደቱ ልክ ከብዙዎቹ ነጭ ወረቀቶች የበለጠ ይጸናል።

ለሚበወዝ ነገር ሁሉ የእኔ ምክር ከባዶ ከመሥራት ይልቅ የታተመ የመጫወቻ ካርታ ገዝቶ በላዩ ላይ መሥራት ነው። የካርታ ገጽ አየር የሚይዙ ጥቃቅን ጎድጓዶች ስላሉት ካርታዎቹ ሳይጣበቁ ይንሸራተታሉ፤ ይህን በቤት ውስጥ መኮረጅ አይቻልም። ላሜኔት ማድረግም መፍትሔ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ በመድረክ መብራት ያብረቀርቃል፣ ካርዱን ያወፍረዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተመልካቹ ወረቀቱ ለምን እንዲህ እንደተጠበቀ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ጥሩ የትርኢት ወረቀት ማንም ሁለተኛ ጊዜ የማያየው ወረቀት ነው።

ይህ መመዘኛ ስለ ታይቬክም ያስጠነቅቀናል። ታይቬክ ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ከ1967 ጀምሮ ለገበያ ያቀረበው፣ ከፖሊኤቲሊን ቃጫ የሚሠራ፣ በአንዳንድ የፈጣን መልእክት ፖስታዎች ላይ የምናገኘው ነጭ ነገር ነው። በእጅ አይቀደድም፣ ውኃ አይጎዳውም፣ ሺህ ጊዜ ቢታጠፍ አይሰበርም። በተመልካች እጅ ከገባ ግን ወረቀት አለመሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ቦታው ከዓይን የተሰወረው ክፍል ነው፤ የፖስታ ውስጠኛ ኪስ፣ የቦርሳ ማጠፊያ፣ የሚጎተት ክፍል። በሌዘር ማተሚያ ውስጥ ግን እንዳታስገቡት፤ ወደ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ስለሚቀልጥ ማተሚያውን ያበላሻል።

(ምስል፦ ሁለት ሉሆች በብሩሽ ኮላ ተቀብተው ሲጣመሩ፤ በላያቸው ከባድ መጻሕፍት ይጫናሉ።)

ማጣበቂያ ላይ ሥራቸው የሚበላሽባቸው ብዙዎች ናቸው። ነጩ የእንጨት ኮላ ከደረቀ በኋላ ስለሚለጠጥ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ውኃ ስላለበት ወረቀቱን ያሳብጠዋል። በስሱ ቀቡት፣ የሁለቱን ሉሆች ቃጫ በአንድ አቅጣጫ አድርጉ፣ ከዚያም በከባድ መጻሕፍት ጭናችሁ አሳድሩት። አቅጣጫቸው የተለያየ ሁለት ሉሆች ከተጣበቁ ካርዱ ዕድሜውን ሙሉ እንደተጣመመ ይኖራል። ተራውን ግልጽ ፕላስተር ደግሞ ለሚቆይ ሥራ አትጠቀሙበት፤ ሙጫው በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናል፣ ወደ ወረቀቱም ይሰርጋል።

አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። ወረቀት የአየሩን እርጥበት ስለሚጠጣና መልሶ ስለሚለቅ የወረቀት ፋብሪካዎች ጥራትን የሚፈትሹት በ23 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ50 በመቶ የአየር እርጥበት ነው። በአዲስ አበባ የክረምት እርጥበት የተሠራ ካርድ በበጋው ደረቅ አየር መጣመሙ፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች አየር ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል ወደ ውጭው ወበቅ ሲወጣ መቆልመሙ ከዚህ የመጣ ነው። መሣሪያዎቻችሁን በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አጋድማችሁና ትንሽ ክብደት ጭናችሁ አስቀምጡ። ትንቢታችሁን በደረሰኝ ወረቀት ላይ የምታትሙ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ የተፈጠረው በሙቀት መሆኑን አስቡ፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተዋችሁት ገጹ ሊጠቁር፣ ወራት ሲያልፉም ጽሑፉ ሊጠፋ ይችላል።

በብልጭታ የሚነደው ወረቀት ናይትሮሴሉሎስ የተባለ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር በመሆኑ ከዚህ ምርጫ ውጭ ነው፤ በቤት ለመሥራት ፈጽሞ አትሞክሩ።

(ምስል፦ በመደበኛ መብራት ፍጹም አንድ የሚመስሉ ሁለት ነጭ ካርዶች፤ ወይን ጠጅ መብራት ሲበራ አንዱ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል።)

አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ወረቀቶች ለምትፈልጉበት ትርኢት ሁለቱንም ከአንድ እሽግ ቁረጡ። ፋብሪካዎች ወረቀት ነጣ ብሎ እንዲታይ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያበራ ንጥረ ነገር ይጨምሩበታል፤ መጠኑም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ሳሎን ውስጥ መንታ የሚመስሉ ካርዶች የምሽት ክበብ መብራት ሲያገኛቸው አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ቢጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። የገንዘብ ኖት መፈተሻ ትንሽ መብራት ካላችሁ ከትርኢቱ በፊት በእርሱ ተመልከቷቸው፤ እሽጉ ላይም የወረቀቱን ክብደትና የቃጫውን አቅጣጫ በቀስት ምልክት ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ የቀረውን ሉህ ከወራት በኋላ ስታወጡት ፈተናውን እንደገና ማካሄድ አያስፈልጋችሁም።