ጥሬ ዓሣ፣ ግሉተንና ሚዜዎቹ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወሬ ለጥቂት ሰው ነው ትሉኝ ይሆናል። ሴሊያክ ላለበት (ግሉተን የተባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን አንጀቱን ለሚጎዳው)፣ ወይም በሌላ ምክንያት ግሉተን ለተከለከለ፣ ግን የጥሬ ዓሣ አምሮት ለማይለቀው ሰው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ዓሣ ግሉተን የለውም። ሳልሞን ሆነ ቱና፣ ወይም የሐዋሳ ቆሮሶ፣ ከውኃው ሲወጣ ንጹሕ ነው። ሱሺ በሚባለው የጃፓን ምግብ ከዓሣው ጋር የሚቀርበው ሩዝም የለውም። የሩዝ ከረጢት ላይ «ግሉቲነስ» የሚል አይታችሁ የደነገጣችሁ ካላችሁ፣ ቃሉ መጣበቁን ነው የሚናገረው፤ ከስንዴ ጋር አይገናኝም። እንግዲህ ዓሣው ሙሽራ ከሆነ፣ ሰርጉን የሚያበላሹት ሚዜዎቹ ናቸው።

ዋናው ሚዜ ሶይ ሶስ ነው። ስሙ አኩሪ አተር ስለሚል ብዙ ሰው ስንዴን አያስብም። የተለመደው የጃፓን ሶይ ሶስ ግን ከአኩሪ አተርና ከተቆላ ስንዴ፣ እኩል ለእኩል በሚባል መጠን፣ ተብላልቶ የሚሠራ ነው። «ሲብላላ ግሉተኑ ይጠፋል» የሚል ክርክር ትሰማላችሁ። አትመኑ። መብላላቱ ፕሮቲኑን ስለሚሰባብረው የተለመደው ምርመራ በትክክል አይለካውም፤ አለመለካት ደግሞ አለመኖር አይደለም። ለዚህ ነው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ደንብ፣ የተብላላ ምግብ «ከግሉተን ነፃ» ለመባል ጥሬ ዕቃው ከመብላላቱ በፊት ነፃ መሆን አለበት ያለችው። ልኩ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች ነው።

ምትኩ ታማሪ ነው፤ በአብዛኛው ከአኩሪ አተር ብቻ ይሠራል። በአብዛኛው አልኩ፤ ትንሽ ስንዴ የሚጨምሩ አምራቾች ስላሉ ጠርሙሱን አዙራችሁ አንብቡ። ስታነቡ ደግሞ ያላችሁበትን አገር አትርሱ። በአሜሪካም በጃፓንም የአለርጂ ሕጉ ስንዴን በስሙ እንዲጻፍ ያስገድዳል፣ ገብስን ግን አያስገድድም። የአውሮፓው ሁለቱንም ይጠይቃል። የገብስ ሚሶ (የተብላላ የአኩሪ አተር ድልህ) ወይም ከእህል የተሠራ አቼቶ የሚያመልጣችሁ እዚህ ላይ ነው።

የቀሩትን ሚዜዎች ቶሎ ቶሎ ልጥራቸው። የሸርጣን ሥጋ መስሎ ከላዩ ቀይ ቀለም የተቀባው ነጩ ነገር ሱሪሚ ይባላል። የተፈጨ ዓሣ ነው፤ የሚያያይዘው ብዙ ጊዜ የስንዴ ስታርች ነው። ኢል የተባለው እባብ መሳይ ዓሣ ላይ የሚፈስሰው ጥቁር ጣፋጭ ሶስ፣ ፖንዙና ቴሪያኪ የሚባሉት የጃፓን ሶሶች፣ ሁሉም ሶይ ሶስ አለባቸው። ብርቱካናማው የዓሣ እንቁላል አንዳንዴ በሶይ ሶስ ተዘፍዝፎ ይመጣል። ከላይ የሚነሰነሰው የሚንኮሻኮሽ ነገር የቴምፑራ፣ ማለትም በስንዴ ሊጥ ተነክሮ የሚጠበሰው ምግብ፣ የሊጥ ፍርፋሪ ነው። አረንጓዴው ዋሳቢ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዋሳቢ አይደለም። ሆርስራዲሽ የሚባል ሥር፣ ሰናፍጭ፣ ቀለምና ስታርች ነው፤ ስታርቹ ከምን እንደሆነ ጠይቁ። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር በዋሳቢም በኛ ሰናፍጭም አንድ ዓይነት ኬሚካል ነው። ቤት የተበጠበጠ ሰናፍጭ ካላችሁ ጥሬ ቱና ላይ ሞክሩት። እኔ ከቱቦ ከሚወጣው አረንጓዴ አስበልጠዋለሁ።

አሁን ሱሺ ቤት እንግባ። «ስንዴ አለበት?» ብላችሁ አትጠይቁ። አስተናጋጁ ዳቦና ፓስታ ያስብና በቅንነት «የለበትም» ይላችኋል። «ሶይ ሶስ ነክቶታል?» በሉ። ከዚያ ሠሪውን እዩት። አጠገቡ ትንሽ ብሩሽ የገባባት ዕቃ ካለች፣ ዓሣው ሩዙ ላይ ከተቀመጠ በኋላ በዚያ ብሩሽ አንዴ ይቀባል፤ የሚቀባው ሶይ ሶስ ያለበት ነው። ወዙ ያምራል፣ የዓሣው ዘይት ይመስላል፣ ካላያችሁት አታውቁትም። ቢላዋውን ደግሞ ተመልከቱ። የቴምፑራ ጥቅል ቆርጦ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ፣ ያንተን ሳልሞን ይቆርጥበታል። መጥረግ ማጠብ አይደለም። ያ ጨርቅማ ጠዋት ጀምሮ የነካውን ሁሉ ይዟል።

ስለዚህ ትእዛዙ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ሳሺሚ፣ ማለትም ዓሣው ብቻ፣ በታጠበ ቢላዋና መክተፊያ፣ በአዲስ ጓንት፣ ምንም ሳይቀባ። ሩዝ ከፈለጋችሁ የገባበትን አቼቶ ጠርሙስ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ታማሪ በትንሽ ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ነውር የለውም። ቤቱ እንደተከፈተ፣ ወረፋ ሳይበዛ ብትደርሱ የሚሰማችሁ ሰው ታገኛላችሁ። ሁሉም ነገር በቴምፑራ ዱቄት የሚቦንበት ጠባብ ወጥ ቤት ከሆነ ግን እዚያ አትብሉ።

ወደ ሁለተኛው ጣጣ ልለፍ፣ ወደ ጥሬነቱ። ግሉተን መጠንቀቅ ትሉን አይከላከልም። አኒሳኪስ የሚባል የባሕር ዓሣ ትል አለ። የሚገድለው ማብሰል ወይም በደንብ ማቀዝቀዝ ነው። አሜሪካኖቹ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ7 ቀን፣ ወይም ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ድንጋይ አድርጎ በዚያው 15 ሰዓት ማቆየት ይላሉ። የቤት ፍሪዘር አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ላይ ነው፤ ልጆች ለአይስክሬም በከፈቱት ቁጥር ደግሞ ቅዝቃዜው ከዚያም ይቀንሳል። ቴርሞሜትር አስገብታችሁ ካላረጋገጣችሁ አትተማመኑበት። «የሱሺ ደረጃ» የሚለው ጽሑፍ በአሜሪካ ሕግ ትርጉም የተሰጠው አይደለም። ሻጩን «ለትል ተብሎ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ጊዜ ቀዘቀዘ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትልልቆቹ የቱና ዝርያዎችና በተቀነባበረ መኖ ያደገ የእርባታ ሳልሞን ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው፤ ትሉን የሚያገኙበት መንገድ ጠባብ ስለሆነ ነው።

በረዶውን ስታቀልጡ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ4 ዲግሪ በታች፣ አሳድሩት። አየር በሌለው ፕላስቲክ የታሸገ ከሆነ ከመቅለጡ በፊት ፕላስቲኩን ቅደዱለት። አየር በሌለበት፣ በፍሪጅ ቅዝቃዜም ቢሆን፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመርት ባክቴሪያ አለ። ከቀለጠ በዚያው ቀን ብሉት። ፍሪዘር ትል ይገድላል እንጂ ባክቴሪያ አይጨርስም፤ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያማ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ ይራባል። እርጉዝ፣ አቅመ ደካማ አረጋዊ፣ በሽታ የመከላከል አቅሙን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጥሬውን ይተው።

ቤት ውስጥ ቀላሉ ፖኬ ነው፣ የሐዋዪዎቹ በሶስ የተለወሰ ጥሬ ዓሣ። ሩብ ኪሎ ቱና በአንድ ሳንቲም ተኩል ኩብ ቁረጡ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ታማሪ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት፣ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል። በ20 ደቂቃ ውስጥ ይበላ። ከቆየ ጨዉ ውኃውን አውጥቶ ሥጋውን ላስቲክ ያደርገዋል።

አገር ቤት ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ ፊሌቶው ወጥቶ በዳጣ ጥሬውን ይበላል። ግሉተኑ እዚህ ቀላል ነው። ዳጣው ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቅመም ነው፤ ዳቦውን ትታችሁ በቆጮ ብትበሉት ምንም የለውም። አዋዜ ከሆነ ግን በምን እንደቀጠነ ጠይቁ፤ ጠላ ወይም ቢራ ከገባበት ገብስ ገባበት ማለት ነው። የሚያሳስበው ትሉ ነው። ኮንትራሲከም የተባለ፣ የአኒሳኪስ ዘመድ የሆነ ትል በሐዋሳ፣ በዝዋይና በጣና ዓሦች ላይ ተደጋግሞ ተገኝቷል። ዑደቱን የሚጨርሰው እነ ፔሊካን ሆድ ውስጥ ነው፤ እነሱ ደግሞ እዚያው ዳር ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። «ሚጥሚጣውና አረቄው ይገድለዋል» የሚባለው አይሠራም። የፔሩዎቹ ሴቪቼም (ጥሬ ዓሣ በሎሚ) እንደዚሁ ነው፤ ሎሚው ሥጋውን ያነጣዋል፣ ያጠነክረዋል፣ ትሉን ግን አይገድልም። ትኩስነቱም ዋስትና አይደለም፣ በትኩስ ዓሣ ውስጥ ትሉም ትኩስ ነው። የቆሮሶውን ጥብስ ብሉት ባይ ነኝ።

አንድ የቀረኝ። ከበላችሁ በኋላ ቢያማችሁ ሁሉንም በግሉተን አታሳብቡ። በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሰዓት ገደማ ፊት ከቀላ፣ ራስ ከፈለጠ፣ ልብ በኃይል ከመታ፣ ቱና ወይም ማኬሬል ሳይቀዘቅዝ ቆይቶ የተፈጠረ፣ አለርጂ መሳይ ስሜት የሚያመጣ ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ሊሆን ይችላል፤ እሱን ማብሰልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጨጓራን የሚወጋ ከባድ ሕመም ከመጣ አኒሳኪስ ሊሆን ይችላል፤ ትሉ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ይወጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ፊት «ግሉተን ነክቶኝ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ምን ዓሣ፣ ጥሬ መሆኑን፣ በስንት ሰዓት በልታችሁ በስንት ሰዓት እንደጀመራችሁ ንገሩት።