መዝገብ ቁጥሩ ስንት ነው?

የተከበራችሁ የፖሊስ አመራሮችና አባላት፣ ዐቃቤያነ ሕግ፣ የእድር ዳኞች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ጠዋት የቀረበውን የፖሊስ ሪፖርት አብረን ሰምተናል። ስርቆት ቀንሷል ተብሏል። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ከጎኔ የተቀመጡት አባት ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። "ጋሼ፣ ምነው?" አልኳቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "የእኔ በግ እዚያ ውስጥ አለች?" አሉኝ።

የተዘጋጀሁበት ንግግር ሌላ ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ይዤው የመጣሁት ነገር ያው የጋሼ በግ ጉዳይ ነው።

ለማታውቁኝ፣ አሁን ጠበቃ ነኝ። ከዚያ በፊት 11 ዓመት ፖሊስ ነበርኩ፤ አብዛኛውን በመርማሪነት። ስለዚህ ዛሬ የማወራው የሰው ገበና ብቻ አይደለም፤ የራሴም አለበት።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ስልኳን ተሰረቀች። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ ሴት ናት። ደንበኞቿ ያሉት ስልኳ ውስጥ ነው። ገንዘቧም ቴሌብር ላይ ነው። አብሬያት ጣቢያ ሄድኩ። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም። ተረኛው ትሁት ልጅ ነው፤ ወንበር ሰጣት። መዝገቡ ፊቱ ተዘርግቷል። እስክሪብቶው እንዳይጠፋ በክር ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስሯል። ልጁ ግን እስክሪብቶውን አላነሳም። "የስልኩን ካርቶን ይዘሻል?" አላት። አልያዘችም። "የምትጠረጥሪው ሰው አለ?" የለም። "እንግዲያው ካርቶኑን ፈልጊና ነገ ነይ።"

በነጋታው ካርቶኑን ይዛ ሄደች። መርማሪው መስክ ወጥቷል ተባለች። በሦስተኛው ቀን ሌላ ተረኛ አገኘች። "እህቴ፣ እስካሁንማ ሸጠውታል" አላት። እሷም "ይቅርብኝ፣ ሊጤ ኮመጠጠብኝ" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በዚህ መሃል ማንም አልሰደባትም። ጉቦም አልተጠየቀችም። ነገር ግን ያ ስርቆት የትም አልተጻፈም። ጠዋት ያጨበጨብንለት ቁጥር ውስጥ የለም።

ያንን ተረኛ ለመውቀስ አፍ የለኝም። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ገበሬ በሬው ጠፍቶበት ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ መጣ። "ምናልባት ራሱ ጠፍቶ ይሆናል፣ እስኪ ደግመህ ፈልግ" ብዬ ሸኘሁት። ሳምንት ቆይቶ ገበያ ላይ አገኘኝ። ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምን አደረግኩት? ጠረጴዛዬ ላይ ያልተዘጋ መዝገብ ተቆልሏል። ወር ሲያልቅ አለቃዬ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ ስንት መዝገብ ተከፈተ፣ ስንቱ ተዘጋ። ብዙ ከከፈትኩ "ወንጀል በአካባቢህ ጨመረ" እባላለሁ። ካልዘጋሁ "ሰነፍ" እባላለሁ። ለእንዲህ ያለ መርማሪ ከሁሉ የሚሻለው መዝገብ ያልተከፈተው ነው።

ሕጉ እንዲህ አይልም። ሥራ ስጀምር የተማርኩት በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 22፣ ፖሊሱ የመጣለትን ክስ ወይም ጥቆማ ቢጠራጠረው እንኳ ምርመራ እንዲያደርግ ያዛል። መጠራጠር ለመመርመር ምክንያት ነው እንጂ ለመሸኘት አይደለም። ካርቶን የሌለውን ሰው መልሱት የሚል ቁጥር ደግሞ እኔ አላነበብኩም።

የፖሊሱንም ችግር አውቃለሁ፤ እዚህ ያላችሁ ባልደረቦቼ ትመሰክራላችሁ። ወረቀት ተበዳዩ የሚገዛበት ጊዜ አለ። መኪናው ነዳጅ የለውም ተብሎ "ከቻልክ ቅዳ" የተባለ ተበዳይ አለ። ለብዙ ዓመታት ሰው ተገድሎ አስከሬኑ እንዲመረመር ሲፈለግ፣ ከክፍለ ሀገር ተጭኖ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ ይሄድ ነበር። የሟች ቤተሰብ ለመኪና ሲዋጣለት አይቻለሁ። በዚያ ላይ አማራ ክልላችን ያለበትን የጸጥታ ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን። ጠመንጃ ይዞ መንገድ የሚጠብቅ ፖሊስ፣ ቁጭ ብሎ የምስክር ቃል የሚቀበልበት ጊዜ ያንሰዋል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። አንድ ገጽ ላይ ስም፣ ቀንና የጠፋውን ዕቃ ለመጻፍ ግን ነዳጅ አያስፈልግም።

አያቶቻችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚሉት ነገር ነበራቸው። ወንጀል ሲፈጸም አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። ሌባሻይም ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ ልጁ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ዛሬ ሲወራ እንስቃለን። ግን ነጠቃ ሲበዛ መንገድ ዳር የቆሙትን ጎረምሶች በጅምላ አፍሶ ጣቢያ ማስገባት ከዚያ በምን ይለያል? ልጁ ዛሬም የሚወድቀው ደሃ ደጅ ላይ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 እዚህ ላለ ሰው ማስታወስ አይገባኝም ነበር። ይኸው አስታወስኩ።

ደህና የሠራንበትንም ልናገር። ማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስን በአገራችን ቀድመው ከጀመሩት አንዱ አማራ ክልል ነው። አንድ ፖሊስ ለአንድ ቀበሌ ተመደበ፤ አማካሪ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ የቤተሰብ ፖሊስ የሚባለውም መጣ። እኔ ባየሁበት ቀበሌ ሠርቷል። የተመደበው ፖሊስ የሁሉን ቤት ያውቅ ነበር። የማን ልጅ ከማን ጋር ማምሸት እንደጀመረ፣ የትኛው ድንበር ሊያጋድል እንደሆነ በጊዜ ይሰማል። ሽማግሌ ይዞ ደም የሚያደርቅበት ጊዜ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? ልክ ሰውን ሲያውቅ አዛወሩት። የተተካውን ደግሞ ስብሰባ ቀስቃሽና መዋጮ ሰብሳቢ አደረጉት። መዋጮ ለሚጠይቅ ሰው ማን ምስጢር ይነግራል?

በዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ሽምግልና ለድንበር፣ ለስድብ፣ ለደም ጥሩ ነው። አንዲት ልጅ ተደፍራ ስትመጣ ግን "በሽማግሌ ጨርሱት" ብሎ የሚመልስ ፖሊስ አስታራቂ አይደለም። ለደፋሪው መንገድ ጠራጊ ነው። ሽማግሌዎቻችንም እዚህ አላችሁ፤ አትቀመጡበት።

እገታንም ሳልጠቅስ አልወርድም። ሰው ሲታገት ቤተሰብ መጀመሪያ የሚደውለው ለፖሊስ አይደለም፤ ለዘመድ ነው። ገንዘብ ለማሰባሰብ። እድራችን ለቀብር የያዘውን ብር ለማስለቀቂያ ለመስጠት ተጨቃጭቋል። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ካልተናገረ ሪፖርቱ ላይ እገታ ይቀንሳል። የቀነሰው ግን እምነት ነው። ስለ ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለን፤ ከባድ ቅጣት በሚያስከትሉ ወንጀሎች ለሚመሰክር ሰው ጥበቃን ይፈቅዳል። በጥብቅና ሥራዬ አንድም ምስክር ስለዚህ አዋጅ ከፖሊስ ሰምቶ መጥቶ አያውቅም።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። አቤቱታ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ መዝገብ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ይዞ ይውጣ። ስልክ ከሆነ በካርቶኑ ላይ ያለው 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር ይመዝገብ። ካርቶን ባይኖርም ይመዝገብ፤ ቁጥሩ በኋላ ይመጣል። ያ ቁጥር ከሌለ ስልክ ጥገና ቤት ገብታችሁ የተሰረቀ ስልክ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? የተሰረቀ ዕቃ የሚገዛውና የሚሸሽገውም በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል። ሌባውን ስናሳድድ ገዢው ሱቁን ከፍቶ ሻይ ይጠጣል።

የሚመጣው ዓመት ሪፖርት ላይ ስርቆት ጨምሯል ብትሉን፣ ስለተመዘገበ ነው ብላችሁ አስረዱን። እኔ በበኩሌ ያን ቀን ከዛሬው አብልጬ አጨበጭባለሁ። አለቆችም መርማሪውን ብዙ ስለከፈተ አትቆጡት።

ቅድም ያነሳኋት ጎረቤቴ እዚህ ናት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ነጭ ነጠላ የለበሰችው። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ካርቶኑ ነው። ከመድረኩ እንደወረድኩ አብረን ወደ ጣቢያው እንሄዳለን። ጋሼም በጋቸውን ሊያስመዝግቡ ይመጣሉ። ዛሬ ተረኛው ማን ነው?